በጥቁር የተከበበ ፎቶ

ሠንጠረዥ ማስዋብ ወድጄ የገባሁበት ሥራ አይደለም። የተቀጠርኩት የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ በሚገጥምና በሚጠግን አነስተኛ ድርጅት ውስጥ መረጃ እንድይዝ ነው። ቢሮው ያኔ ካዛንቺስ፣ መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ ሕንፃ ላይ ነበር። የትኛው ፓምፕ የት እንደተተከለ፣ የትኛው ቴክኒሻን ወዴት እንደወጣ በኤክሴል እመዘግባለሁ። ቁጥሩ ልክ ይሁን እንጂ ሴል የሚባለው ሳጥን ቢጫ ሆነ ሰማያዊ ሆነ ለእኔ ጉዳዬ አይደለም። ሥራ አስኪያጃችን ግን እንደ እኔ አይደለም። የሰጠሁትን ወረቀት ከማንበቡ በፊት፣ ሱፍ እንደሚገዛ ሰው፣ ራቅ አድርጎ ይዞ ያየዋል። ከዚያ «ደረቅ ነው» ይላል። «ትንሽ ሕይወት ዝሪበት እንጂ።»

ሕይወት መዝራቱን መጀመሪያ በእጄ ነበር የማደርገው። ሴሉን መምረጥ፣ ቀለም መሙላት፣ ፊደሉን ማወፈር፣ መስመር ማስመር። ጨርሼ እፎይ ስል ስምሪቱ ይቀየራል፤ ፓምፕ ቀጠሮ ይዞ አይበላሽም። እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። አንድ ቀን በጣም ብስጭት አልኩና ይህንን ኮድ ይሥራው አልኩ። ኮድ መጻፍ ኮሌጅ ሳለሁ ትንሽ ተምሬ ነበር፤ የረሳሁትን ከኢንተርኔት ቃረምኩና ከስንት ሙከራ በኋላ ተሳካልኝ። ኮዱ የሠራተኞቹን ስም ከሠንጠረዡ ያነባል፤ መስክ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይከፍታል፤ ጉርድ ፎቶውን መሃል ላይ ያስቀምጣል፤ ከፎቶው ሥር ስሙን በትልልቅ ፊደል፣ ከስሙ ሥር የወጣበትን ቀን ይጽፋል። ከላይ ያለውን ሴል ደግሞ ሰማያዊ ይቀባና «ለመስክ ሥራ የተሰማራ» የሚለውን በነጭ ፊደል ያሰፍርበታል። በመጨረሻም ዙሪያውን መስመር ያሰምርበታል። አንዲት ቁልፍ ስጫን ይህ ሁሉ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያልቃል። እውነቱን ለመናገር፣ በራሴ ኮርቼ ነበር።

ሥራ አስኪያጁም ራቅ አድርጎ አየውና ወደደው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዙሪያውን ያለው መስመር ቀጠነበት። ከሩቅ እንዲታይ ወፈር አድርጊው አለኝ። ኮዱ ውስጥ መስመሩ ቀጭን ይሁን የምትለዋን ቃል ወፍራም ይሁን በምትለው ተካኋት፤ ሌላ የነካሁት ነገር የለም። የመስመሩን ቀለም ይህ ይሁን ብዬ አላዘዝኩም። ካላዘዙት ኮምፒውተሩ ጥቁር ያደርገዋል።

ገጾቹ ታትመው የሚለጠፉት ምድር ቤት፣ የሕንፃው መግቢያ ላይ ነው። ቴክኒሻኖቹ የሚሄዱበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ኔትወርክ የለውም። ቤተሰቦቻቸው እየመጡ «ወጥቷል ወይስ እዚሁ ነው» እያሉ ዘበኛውን ያደክሙት ነበርና ወረቀቱን አይተው እንዲሄዱ ታሰበ። የመመለሻ ቀን አንጽፍም። ፓምፑ መቼ እንደሚነሳ ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከቴክኒሻኖቹ አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነው። ሁለታችንም ያደግነው ቂርቆስ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ታክሲ ተጋፍተን እንሄዳለን፤ መንገዱን ሙሉ «ቀለም ቀቢዋ» እያለ ያበሽቀኛል። ከእናቱ ጋር ነበር የሚኖረው። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ደም ግፊት ስላለባቸው መድኃኒታቸውን ራሱ ነው የሚገዛላቸው፤ መስክ ሲወጣ አደራውን ለእኔ ይሰጠኛል። እኔም እማማ ነው የምላቸው።

እማማ አንድ ቂም ነበራቸው። ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ መንገድ ላይ ነው ያረፉት። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ፣ እሳቸው ግን አልሰሙም። በእኛ ዘንድ መርዶ በር ተንኳኩቶ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ እድሩ ድንኳኑን ያዘጋጃል፣ ንፍሮው ይዘፈዘፋል፣ ሲነጋ ሐዘንተኛዋን ያረዷታል። እስከዚያ ድረስ የምትጠይቀው ሁሉ «ደህና ነው» ይላታል። የእማማ ባል አስከሬን እስኪመጣ ሲጠበቅ ይህ «ደህና ነው» ሳምንት ያህል ቆየ። መኪናው ተበላሽቶበት ነው አሏቸው። እሳቸው ለመምጫው ብለው ጠላ ጠመቁ፤ ጠላውን ለቀስተኛ ጠጣው። ይህን ሲያጫውቱኝ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። «ሞቱን አልቅሼ ወጥቶልኛል፤ ያቺ ሳምንት ግን አልወጣችልኝም» ይሉኛል።

ነገሩ የሆነ ሰሞን ልጃቸው ወደ ቆላ ወርዶ ነበር። ዓርብ ዕለት የሳምንቱን ገጾች ወደ ፕሪንተሩ ልኬ ወጣሁ። ከፕሪንተሩ አንስቶ የሚለጥፈው ዘበኛው ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ስለሆነ ሥራ አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ ከቄራ ሥጋ ገዝቼ በእግሬ ስመለስ፣ ሰፈራችን ጠባቧ መንገድ ላይ ሰዎች የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ተሸክመው አየሁ። ሰው ሞቶ ሲታወቅ ወንበር እየተንጓጓ ነው የሚወሰደው። እነዚህ ግን ግድግዳ እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ፣ ሳይነጋገሩ፣ ወንበሮቹን ከእማማ ቤት አጠገብ ወደሚገኘው ግቢ ያስገባሉ። ልቤ ፈራ።

የዚያ ግቢ ባለቤት ጓደኛዬ ናት፣ አብረን ነው የተማርነው። ገብቼ ሳያት በትልቅ ሳፋ ስንዴና ሽንብራ እየዘፈዘፈች ነው። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት በሩን ዘጋችና በሹክሹክታ የእማማን ልጅ ስም ጠራች። ሞቷል አለችኝ።

የስንዴው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ይገርመኛል፤ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ አመንኳት። ከሐሙስ ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም፣ መንገዱ ክፉ ነው፣ ሾፌራችን ይበርራል። በቃ፣ ሆነ ማለት ነው አልኩ። ግድግዳው ከእማማ ቤት ጋር የሚጋሩት ስለሆነ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። ቀለም ቀቢዋ የሚለኝ ሰው ከእንግዲህ የለም ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ጓደኛዬ ጀርባዬን እያሸች ወቀሰችኝ። የቢሮ ባልደረባው ሆኜ ሳላውቅ እንደማልቀር፣ ዓርብ ማታ ሰላም ስላት ፊቴ ላይ ምንም አለመታየቱ ግን እንደደነቃት ነገረችኝ። እኔ ደግሞ እነሱ ከማን እንደሰሙ ጠየቅኳት።

«እኔ ራሴ አየሁት እንጂ» አለችኝ። «ጠዋት በካዛንቺስ ሳልፍ፣ ከታክሲ ውስጥ ሆኜ። እናንተ ቢሮ በር ላይ ለጥፋችሁታል። ፎቶው፣ ስሙ፣ ቀኑ፣ በጥቁር ተከቦ።»

ዕንባዬ እዚያው ደረቀ። ቀጥሎ የመጣብኝ ሳቅ ነው፤ ጓደኛዬ ደንግጣ ውሃ ልታፈስብኝ ኩባያ ፈለገች። ሳቄን ስጨርስ ደግሞ ንዴት መጣ። ፎቶውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ጥቁሩ መስመር የሥራ አስኪያጁ ውበት ነው፣ ልጁ ፓምፕ ሊጠግን ነው የሄደው ብዬ ዘረዘርኩላት። ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችኝና «እሺ» አለችኝ። ያ «እሺ» የታመመ ሰው የሚባበልበት «እሺ» ነው። ቀስ ብዬ እንዳወራ፣ እማማ እንዳይሰሙኝ ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ነገ ሲነጋ ሊያረዷቸው ወስነዋል።

ልጁ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወልኩ። እሱ ገና ስነግረው ጮኸ፣ ከዚያ ሰውዬው ደህና ነው አለ፣ ከዚያ ደግሞ ሐሙስ ነበር የደወለው አለ። ስልኩን ሳልዘጋ የእድሩን ዳኛ ፍለጋ ሮጥኩ። ዳኛው ሰፈሩን ለብዙ ዘመን የቀበሩ፣ ትዕግሥተኛ ሽማግሌ ናቸው። ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው። ሥራ አስኪያጁ በተቻለው ሁሉ አስረዳቸው፤ ልጁ ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሆኖ ነው። ዳኛው አመስግነው ስልኩን መለሱልኝ።

«ጥሩ ሰው ነው» አሉኝ። «በአባቱም ጊዜ አለቃቸው እንዲሁ ነበር ያለን።»

ያን ጊዜ ነው ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ። ደህና ነው ባልኩ ቁጥር ሞቱን ማጽናቴ ነው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሐዘንተኛን እየዋሹ ያቆዩ ናቸው፤ ውሸቱም እኔ የምናገረው እውነት ነው፣ ቃል በቃል። ነገ ጎሕ ሲቀድ ነጭ ለብሰው እማማን ይቀሰቅሷቸዋል። እማማ ደግሞ እንኳን ለመርዶ ለጠብታ ዝናብም የሚደነግጥ ልብ ነው ያላቸው። ልጁ በሕይወት እያለ እናቱን ልንገድልበት ነው።

ወረቀቱን ላምጣ ብዬ በታክሲ ወደ ካዛንቺስ በረርኩ። ሕንፃው መግቢያ ስደርስ የሠራሁትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ አየሁት። የፕሪንተሩ ሰማያዊ ቀለም አልቋል። ሰማያዊው ሴል ሳይታተም ቀርቷል፣ ነጩም ፊደል ነጭ ወረቀት ላይ ጠፍቷል። «ለመስክ ሥራ የተሰማራ» የሚል ነገር የለም። የቀረው ጉርድ ፎቶ፣ ስም፣ አንድ ቀን፣ ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር መስመር ነው። የሌሎቹ ቴክኒሻኖች ገጽ ኮሪደሩ ውስጥ ነው የተለጠፈው፤ የእሱ ቦታ አጥቶ ለብቻው የውጩ መስታወት ላይ ወጥቷል። አንድ የማላውቀው መንገደኛ ወረቀቱ ፊት ቆሞ ከንፈሩን መጠጠና አማትቦ አለፈ። እኔም ብሆን አምን ነበር። ዘበኛውን ምነው ሳታየው ብለው፣ አይቼዋለሁ፣ ሲያምር ብዬ ነው የለጠፍኩት አለኝ። ሁሉንም ገጽ ገነጣጥዬ፣ ላፕቶፔንም ከቤት ይዤ ተመለስኩ።

ለዳኛው አንድ በአንድ ዘረጋሁላቸው። እዩት፣ የዚህኛውም የዚያኛውም እንዲሁ ነው፣ ሁሉም በጥቁር ነው የተከበቡት አልኳቸው። ይኼ ማስረጃ ይበቃል ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወረቀቶቹን እየተቀባበሉ አዩ። ፊታቸው ይባስ ጠቆረ። አንደኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዳኛው ረጋ ባለ ድምፅ፣ ሁሉም አንድ መኪና ላይ ነበሩ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ልጮህ ነበር፣ ግን የሚጮህባቸው ሰዎች አይደሉም። ስለዚህ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትኩ። ሠንጠረዡ ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ፣ የራሴን ጉርድ ፎቶ ከፋይሌ ውስጥ አስገባሁ፣ የዚያን ዕለት ቀን ሞላሁና ኮዱን አስነሳሁት። ስክሪኑ ላይ እኔው ወጣሁ፤ ሰማያዊው ሴል እዚህ ቢኖርም ዓይን የሚይዘው ፎቶዬ፣ ስሜ፣ ቀኑ፣ ዙሪያውን ጥቁር ነው። ላፕቶፑን ወደ ዳኛው አዞርኩት።

«አባባ፣ እኔስ ሞቻለሁ?»

ፊታቸውን አዞሩ። ሟርት ነው፣ አጥፊው ልጄ አሉኝ። ሌላኛው ሽማግሌ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በራስ ላይ እንደማይደረግ ገሠጹኝ። እኔ ግን አላጠፋሁትም። ይህ መስመር መሞትን አያውቅም፣ የተሰጠውን ፎቶ ሁሉ ነው የሚከብበው፣ ማንንም ቢሆን አልኳቸው። ዳኛው ቀስ ብለው ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ፎቶዬን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ያልጠበቅኩትን ነገር ተናገሩ።

«እስቲ እኔን አድርጊኝ።»

ሌሎቹ ተው አሏቸው። እሳቸው እንቢ አሉ። በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው፣ ወደ ላፕቶፑ አሻገርኩት፣ ስማቸውን እስከ አባታቸው ጻፍኩ። ሽማግሌ በጥቁር መክበብ ደስ አይልም። ቁልፏን ተጫንኩ። ዳኛው ራሳቸውን ብዙ ሰው ካዩበት ክፈፍ ውስጥ አገኙ። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው አዩት፣ ዝቅ አድርገው አዩት። በየተራ ለሁሉም አሳዩአቸው። ከዚያ ትከሻቸው ሲነቃነቅ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሲስቁ ነው።

«ድንኳኑን መልሱት» አሉ።

እኔ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ወሬው ደርሷቸው እንደሆነ ብለው ዳኛው ራሳቸው ሊያረጋጓቸው ወደ እማማ ቤት መሩን። እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ራዲዮናቸው ጠፍቷል፣ መብራቱን አላበሩም። ነጠላቸውን ገና አላዘቀዘቁትም፤ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጥለቱን በጣታቸው ይዳብሳሉ። ለካ ቀትር ላይ ወንፊት ሊዋሱ ወደ ጓደኛዬ ግቢ ብቅ ብለው የተዘፈዘፈውን ስንዴ አይተዋል። ለክርስትና ነው አለቻቸው። በሰፈሩ የሚጠመቅ ሕፃን እንደሌለ ያውቃሉ። ደግሞም ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖባቸዋል፤ አንዷ ውሃ ቀድታላቸዋለች፣ አንዷ ደጃቸውን ጠርጋላቸዋለች።

ዳኛው ልጁ ደህና መሆኑን፣ ስህተት መፈጠሩን ነገሯቸው። እማማ ቀና ብለው እንኳን አላዩአቸውም። እኔን ነው ያዩት።

«አንቺ ንገሪኝ። ሞቷል?»

«አልሞተም እማማ። በማርያም አልሞተም።»

«እነሱም በማርያም ምለው ነበር» አሉ።

ወረቀቱን አሳየኋቸው፣ ላፕቶፑን ከፈትኩላቸው፣ የዳኛውን ፎቶ አሳየኋቸው። ለሽማግሌዎቹ የበቃው ለእሳቸው አልበቃም። የልጃቸውን ፎቶ ከእጄ ወስደው ጥቁሩ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉበት፣ መልኩ ብቻ እንዲታያቸው። የሚሰማኝን መናገር እችላለሁ፤ አፍሬ ነበር፣ ግን በሠራሁት ኮድ አይደለም። እንዲህ ያለች እናት ፊት ቆሞ እውነት መናገር የማይቻልበት አገር ውስጥ በመኖራችን ነው ያፈርኩት። ሁላችንም ለአዘኔታ ብለን ቃላችንን አስቀድመን አጥፍተነዋል። መድኃኒታቸውን እንዲውጡ ለመንኳቸው፤ ዋጡ። ከዚያ ወዲያ የማደርገው ስላልነበረኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሲነጋ የሚያረዳ አልመጣም። ያም አላጽናናቸውም፤ ቀን ቀየሩ ማለት ነው አሉኝ። ቤተክርስቲያን ደርሰን ስንመለስ ስልኬን ከእጄ አላወርድም። ከሰዓት በኋላ ጠራ፤ እሱ ነው። ፓምፑ ተነስቶ ወደ ከተማ መውጣታቸው ነው። ሰላምታውን ሳልጨርስለት ስልኩን ለእማማ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡ። እሱ ወዲያ ማዶ ምን ሆነሽ ነው እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ይላል።

«ምሳ በላህ?» አሉት።

በልቻለሁ አላቸው። ስልኩን መለሱልኝና ያን ጊዜ አለቀሱ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ለሞተም ሰው ሲለቀስ አላየሁም። ጎረቤቱ በሙሉ ተንጋግቶ ገባ፤ ያ የተዘፈዘፈ ስንዴና ሽንብራ አይጣል ተባለና ተቀቅሎ፣ ዳኛው ባርከውት፣ ቆመን በየእፍኛችን በላነው። ልጁ ሲመለስ ንፍሮዬን ሳታስቀሩልኝ በላችሁት ብሎ ተቆጣ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ኮዱን መክፈት ነው። ዙሪያውን አስምር የምትለዋ የኮድ መስመር ፊት ምልክት አደረግኩ፤ ያ ምልክት ሲኖር ኮዱ መስመሯን ዘሏት ያልፋል፣ ግን አትጠፋም። ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ገጽ ራቅ አድርጎ አይቶ፣ ደረቅ ሆነ አለኝ። ደረቅ ይሁን አልኩት። የሆነውን ሁሉ ያውቅ ስለነበር ወረቀቱን መለሰልኝ።

እማማ ግን ነገሩን በዚያ አልተዉትም። አንድ ቀን መድኃኒት ሳደርስላቸው ቁጭ በይ አሉኝ። ያቺን ወረቀት ዙሪያዋን በመቀስ ቆርጠው፣ ጥቁሩን ጥለው፣ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ወደ ፎቶው እያዩ ነው የነገሩኝ።

«የእኔ ቀን ሲደርስ እሱ መስክ ላይ ነው የሚሆነው፣ አውቀዋለሁ። ታመዋል፣ ና ብለው እንዳያታልሉብኝ። አንቺ ንገሪው። ሲነጋ አትበይ፣ በሰዓቱ ንገሪው።»

እድሜ ይስጥዎት፣ ምን አስቸኮለዎት እያልኩ ላልፈው ሞከርኩ። አልለቀቁኝም። እሺ አልኳቸው። የበሽተኛ ማባበያው «እሺ» እንዳይመስላቸው ሁለተኛ እሺ አሰኙኝ።

ካዛንቺስ ፈርሶ ቢሮአችን ወሎ ሰፈር ከገባ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት እማማ ታመሙ። ሆስፒታል ገብተው አደሩ፣ በማግስቱ ረፋዱ ላይ አረፉ። እኔ ቢሮ ነበርኩ፤ ጓደኛዬ ናት የደወለችልኝ። ልጁ መስክ ላይ ነው፣ እንዳሉት። ዳኛው ካጠገቧ ሆነው ስልኩን ተቀበሏትና ሕመሙ ጸንቶባቸዋል እንጂ አረፉ እንዳልለው፣ መንገድ ላይ እንዳይደነግጥብን፣ ቤት ሲደርስ እሳቸው በወጉ እንደሚያረዱት ነገሩኝ። ለእሱ አዝነው ነው፤ አውቃለሁ። ሥራ አስኪያጁም ሰምቶ መጣና በር ላይ የሚለጠፍ የሐዘን ማስታወቂያ እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። የድሮውን ኮድ ከፈትኩ። ያቺ መስመር ምልክቷን ይዛ እዚያው አለች። ምልክቱን ሳጠፋው የእማማን ፎቶ ትከብባለች። እጄን ከላፕቶፑ አነሳሁና ስልኬን ያዝኩ።

ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። የት እንደሆነ ጠየቅኩት። ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነኝ አለኝ፤ ከሾፌሩ ጋር ነው። የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል።

«እማማ አረፉ» አልኩት። «አሁን፣ ረፋዱ ላይ።»

ሾፌሩን አቁም ሲለው ሰማሁ። መኪናው ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማኝ። አልዘጋሁም። ሲመለስ ድምፁ ወፍሮ ነበር።

«ትናንት ዳኛው ደውለው አሟታል፣ ና አሉኝ» አለኝ። «እማዬ አንቺ ካልደወልሽ አልሞትኩም ማለት ነው ትለኝ ነበር። አንቺ አልደወልሽም። ስለዚህ መታመሟን ብቻ አምኜ ሌሊቱን ተኛሁ።»